«ዘ ጄኔራል» የተቀረጸበትን የባቡር መስመር እንዴት መጎብኘት ይቻላል

አሜሪካዊው የፊልም ኮሜዲያን በስተር ኪተን «ዘ ጄኔራል» የተባለውን ድምፅ አልባ ኮሜዲ በአብዛኛው የቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1926፣ በኦሪገን ግዛት ኮቴጅ ግሮቭ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ታሪኩ የጆርጂያ ይሁን እንጂ ባቡሮቹ የሚሳደዱበት ሐዲድ የኦሪገን ነበር። ዛሬ ሐዲዱ ተነቅሎ አስፋልት የለበሰ የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኗል።

ከመሄዳችሁ በፊት ፊልሙን እንደገና እዩት። አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብቱ ስላለቀ በነፃ ይገኛል። ስታዩ ዓይናችሁን ከኪተን ላይ አንሡና ከኋላው ያለውን ኮረብታ ተመልከቱ። እሱ ሎኮሞቲቩ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ በያዘው ግንድ ሐዲዱ ላይ የተጋደመውን ሌላ ግንድ መትቶ ሲያስፈነጥር ማንም ኮረብታ አያይም፤ እኔም ያየሁት ስንት ጊዜ ከደጋገምኩት በኋላ ነው። የኮረብታው ጠርዝ በደንብ የሚታይባቸውን ቦታዎች ስክሪንሾት አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ለፊልሙ የተሠሩት ቤቶች የሉም፣ ዛፉም ተቆርጦ ሌላ በቅሏል፤ ቦታውን የሚነግራችሁ የኮረብታው ቅርጽ ነው።

ከሲያትልም ከፖርትላንድም የምትነሡ በኢንተርስቴት 5 ወደ ደቡብ ንዱ። ዩጂንን አልፋችሁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ በመውጫ 174 ውጡ። ከተማው ውስጥ ሜይን ስትሪት ላይ ኪተን በትልቁ የተሳለበት ግድግዳ አለ፤ ፎቶ ተነሡና ቀጥሉ፣ ዋናው ነገር ያለው ከከተማው ውጭ ነው።

የብስክሌት መንገዱ «ራው ሪቨር ትሬይል» (Row River Trail) ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከወንዙ ነው። አቅጣጫ ስትጠይቁ «ሮ» ሳይሆን «ራው» በሉ፤ ስሙ የመጣው ከጠብ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልሱን በእግር አትሞክሩት፤ ብስክሌትና በቂ ውኃ ያዙ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሞስቢ ክሪክ ላይ መኪና ማቆሚያ አለ። መሐል ላይ የዶሬና ሐይቅን ታገኛላችሁ። በ1949 የተጠናቀቀው ግድብ ሲሠራ የባቡር መስመሩ ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛውሯል፤ ስለዚህ እዚህ ጋ የኪተን ባቡር ያለፈበትን አትፈልጉ፣ ውኃው ውስጥ ነው።

ጉልበታችሁን ለመጨረሻው ቆጥቡ። መንገዱ የሚያበቃበት ከልፕ ክሪክ አካባቢ፣ ጁላይ 23 ቀን 1926፣ እውነተኛ ሎኮሞቲቭ ከሚቃጠል የእንጨት ድልድይ ላይ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ሞዴል አይደለም፣ የካሜራ ማታለያም የለውም፤ ሊደገም የማይችል ቀረጻ ነበር። 42,000 ዶላር እንደፈጀ ይነገራል። የባቡሩ ስብርባሪ እዚያው ወንዙ ውስጥ ዓመታት ቆይቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለብረቱ ሲባል ተወሰደ።

አጥር ካያችሁ አትሻገሩ፤ ከመንገዱ ላይ ሆናችሁም ብዙ ይታያል። ከዚያ ስልካችሁን አውጡና ባቡሩ ድልድዩን እንዲሻገር ትእዛዝ የሰጠው መኮንን አፉን ከፍቶ የቀረበት ቦታ ላይ ፊልሙን አቁሙት። አንድ ደቂቃ ወደኋላ መልሱት፣ ድልድዩ ገና ሳይሰበር። ስልኩን ከፍ አድርጋችሁ ከኮረብታው ጋር አስተያዩት።