ትሪለራችሁ ለምን አያስጨንቅም? ችግርና መፍትሄ

ትሪለር፣ ማለትም ልብ የሚያንጠለጥል ሾርት ፊልም ሰርታችሁ ለጓደኛ ስታሳዩት መሃል ላይ ስልኩን መነካካት ከጀመረ ካሜራውን አትውቀሱ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ተመልካቹ ምኑን መቼ ይወቅ የሚለው ላይ ነው።

ችግር፦ ሰው ይደነግጣል እንጂ አይጨነቅም
ሁሉንም ስለደበቃችሁበት ነው። በትሪለሮቹ የታወቀው ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ እንዳለው ጠረጴዛ ስር ያለ ቦንብ ድንገት ቢፈነዳ የምታገኙት የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው፣ ቦንቡን ቀድመን ካየነው ግን 15 ደቂቃ ሙሉ እንጨነቃለን። ስለዚህ ገዳዩ መጋረጃ ጀርባ ሲገባ አሳዩን፣ ከዛ ልጅቷ ትግባና ቡናዋን ትቁላ፣ ጎረቤቷ በርበሬ ልትበደር መጥታ በር ላይ ቆማ ስለ ውሃ መጥፋት ታውራ፣ ወሬው ተራ በሆነ ቁጥር እኛ እንቃጠላለን "ኧረ ውጪ አንቺ!" እንላለን። መጋረጃውን ደጋግማችሁ በክሎዝአፕ (በጣም አቅርባችሁ) አታሳዩ በናታችሁ፣ ከኋላዋ ፍሬም ውስጥ ከታየ በቂ ነው።

ችግር፦ ሙዚቃው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያላዝናል
ትወናው ስላላሳመናችሁ በሙዚቃ ልትሸፍኑት ነዋ። አጥፉትና እዩት። የሂችኮክ "ዘ በርድስ" (1963) የተለመደው የፊልም ሙዚቃ የለውም፣ የወፎቹ ድምፅ በቂ ነው። የፍሪጅ ድምፅ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚንኳኳ ነገር፣ ሲጮህ የነበረ ውሻ ድንገት ዝም ሲል... እነዚህን ለብቻ ቅረፁ። ግን ሙዚቃ ክልክል ነው ማለቴ አይደለም፣ "ሳይኮ" (1960) ላይ የሻወሩን ሲን ያለ ሙዚቃ ሊተወው አስቦ የነበረው ራሱ ሂችኮክ ነው፣ የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን የሰራውን የቫዮሊን ጩኸት ሲሰማ ሀሳቡን ቀየረ።

ችግር፦ የማታው ሲን ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ
ስልኩ ብርሃን ሲያጣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) በራሱ ስለሚጨምር ነው። መብራት አጥፍቶ መቅረፅ ጨለማ አይሰራም፣ ጨለማም በመብራት ነው የሚሰራው። አንድ አምፖል ከተዋናዩ ጎን ወይም ከኋላው አድርጉ፣ አይኤስኦውን ዝቅ አድርጋችሁ ቆልፉ፣ ፊቱ ግማሹ ብቻ ይታይ። ውጪ ከሆነ ፀሐይ እንደጠለቀች ሰማዩ ሰማያዊ እያለ ቶሎ ቅረፁ።

ችግር፦ "ለምን ፖሊስ አትጠራም?"
ባትሪ ዘጋ፣ ኔትወርክ የለም ሰልችቶናል። መጥራት የማትፈልግበት ምክንያት ስጧት፣ ለምሳሌ ብሩን የሰረቀችው ራሷ ትሁን።

ችግር፦ መጨረሻው ከሰማይ ወረደ
ፍንጭ አልዘራችሁም። ገዳዩ ግራኝ ከሆነ ገና በመጀመሪያው ሲን በግራ እጁ ሻይ ያማስል፣ ግን ያኔ የሚያወራው ነገር በጣም የሚያስቅ ይሁን፣ እጁን ማንም እንዳያየው።