ተዳፋት ማሳ ላይ የማዳበሪያ ሙከራ፦ ከመዝራታችሁ በፊት

ኮምቦልቻ ውስጥ የተመራቂ ተማሪዎችን ዳታ ማየት የዘወትር ሥራዬ ነው። ብዙዎቹ የሚመጡት እህሉ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ፣ ፍላሽ ይዘው ነው። «ጋሼ፣ አኖቫ ይሥሩልኝ» ይሉኛል። አኖቫ በቡድኖች አማካይ መሀል የታየው ልዩነት የእውነት ነው ወይስ የአጋጣሚ የሚለውን የሚፈትሽ ስሌት ነው። እሠራለሁ። ግን ዋናው ነገር ያለቀው ሰኔ ላይ፣ ችካል ሲተከል ነው። ይችን ጽሑፍ የሰኔ ሰው ያንብባት።

ገራዶ በኩል ተዳፋት ማሳ አለን እንበል። ጤፍ ልንዘራ ነው። ጥያቄያችን ከአራት የዩሪያ መጠን የትኛው ይሻላል የሚል ነው። ከአራቱ አንዱ ጭራሽ ዩሪያ የማይገባበት ይሁን።

መጀመሪያ ማሳውን በእግራችሁ ዙሩት። ላይኛው ጫፍ ጭንጫ ነው፣ ውሃ አይዝም። ታችኛው ጥቁር ዋልካ ነው፣ ጎርፍ ያጠበው አፈር ሁሉ እዚያ ተኝቷል። ብዙ ዩሪያ የሚያገኘውን መደብ ታች፣ የማያገኘውን ላይ ካደረጋችሁት፣ የለካችሁት ዩሪያውን ይሁን ተዳፋቱን አታውቁም። ኋላ ላይ የትኛውም ሶፍትዌር አይለያቸውም።

ስለዚህ ማሳውን ከላይ ወደ ታች በአራት እርከን ክፈሉት። እያንዳንዱ እርከን ብሎክ ነው፤ ተዳፋቱን አቋርጦ አግድም ይተኛል። በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ አራት መደብ ጎን ለጎን፣ አራቱም መጠኖች አንድ አንድ ጊዜ። ለእርሻ ይመቻል ብለው ብሎኩን ቁልቁል የሚያሰምሩ አሉ። ያኔ አንዱ ብሎክ ጭንጫም ዋልካም ይይዝና ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

የትኛው መጠን የት እንደሚውል ዕጣ ይወስን። አራት ቁራጭ ወረቀት፣ አንድ ቆብ፣ በቃ። ለእያንዳንዱ ብሎክ እንደ አዲስ አውጡ። «በዘፈቀደ ደልድያለሁ» ማለት ዕጣ አይደለም፤ ሰው ሳያውቀው ያዳላል። ይህን መንገድ ያስያዘን የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 እንግሊዝ አገር ሮታምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ገብቶ፣ ከማሳ ዳታ ጋር ሲታገል ነው የደረሰበት።

መደቡ 3 በ4 ሜትር ይሁን። በብሎኮች መሀል ቦይ ቅደዱ፤ አለበለዚያ የላይኛው ዩሪያ በዝናብ ታጥቦ ለታችኛው ይደርሳል። ስታጭዱ ከየጠርዙ ግማሽ ሜትር ተዉና መሀሉን 6 ካሬ ሜትር ብቻ መዝኑ። 900 ግራም ካገኛችሁ በካሬ 150 ግራም ነው፤ በሄክታር 15 ኩንታል ማለት ነው።

ደጋግሜ የማየው ጉድ ደግሞ ይሄ ነው፦ ከአንድ መደብ አምስት ናሙና ወስዶ «አምስት ድግግሞሽ አለኝ» ማለት። አንድን ወጥ በአምስት ማንኪያ የቀመሰ አምስት ወጥ አልቀመሰም። ድግግሞሽ የሚባለው ለየብቻው ዕጣ የደረሰው መደብ ነው። የአምስቱን አማካይ አውጡና አንድ ቁጥር አድርጓቸው።

የአኖቫውን ሰንጠረዥ ሳትዘሩ በወረቀት ሥሩት። መደቡ 16 ስለሆነ ጠቅላላው ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (በነፃነት ሊለዋወጡ የሚችሉት ቁጥሮች ብዛት) 15 ነው። ለብሎክ 3፣ ለዩሪያ 3፣ ለኤረር፣ ማለትም ከብሎክም ከዩሪያም ላልመጣው ልዩነት፣ 9 ይቀራል። የዩሪያው ልዩነት ከኤረሩ ጋር ሲነጻጸር የሚወጣው ቁጥር ኤፍ ይባላል፤ በ5 ፐርሰንት መቁረጫው፣ ማለትም ልዩነቱ የአጋጣሚ አይደለም ለማለት ማለፍ ያለበት፣ 3.86 ነው። ለድካም ብላችሁ አንድ ብሎክ ብትቀንሱ ኤረሩ 6 ይሆንና መቁረጫው ወደ 4.76 ይወጣል። አንድ እርከን መቀነስ ይህን ያህል ያስከፍላል።

አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ስትሠሩ ብሎኩንም የዩሪያ መጠኑንም ፋክተር፣ ማለትም የምድብ ስም፣ አድርጉ። ካልሆነ ሶፍትዌሩ 1፣ 2፣ 3፣ 4ን ተራ ቁጥር አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ መደብ ሳይጎድል ኤረሩ ላይ 9 ካላያችሁ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ኤክሴል የምትጠቀሙ «ቱ ፋክተር ዊዝአውት ሪፕሊኬሽን» የሚለውን ምረጡ። ስሙ ያደናግራል፣ ለዚህ ሙከራ ግን ልኩ እሱ ነው።

ከብት ገብቶ አንድ መደብ ከበላ ዜሮ አትጻፉ። ዜሮ ማለት ተመዝኖ ምንም አልተገኘም ማለት ነው። ባዶ ተዉትና ቀኑንና ምክንያቱን ማስታወሻ ላይ አስፍሩ። አር ባዶውን ይችለዋል፤ ያ የኤክሴሉ ግን እምቢ ይላችኋል።