አፍልቼው ነበር እኮ! የሚተኙ ባክቴሪያዎች ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ የፈላ ወተት አድሮ መረረ

ማታ ወተቱን እስኪገነፍል አፈላችሁት። ጠዋት ክዳኑን ስትከፍቱ ረግቷል። እርጎ ነው ብላችሁ ስትቀምሱት ግን አይኮመጥጥም፤ ይመርራል። እኛ ደብረ ብርሃን ጥፋቱ መጀመሪያ በላሟ ይላከካል። "ምን በልታ ነው?" ይባላል። ቀጥሎ ዕቃው ይጠረጠርና እንደገና በወይራ ይታጠናል።

ምክንያት፦ ላሟ የለችበትም። ባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ምግብ ሲያጡ ዝም ብለው አይሞቱም። ዘረ መላቸውን በወፍራም ሽፋን ይጠቀልላሉ፣ ውስጣቸውን ያደርቃሉ፣ ይተኛሉ። በዚህ ጊዜ ስፖር ይባላሉ። ስፖር አይበላም፣ አይራባም። አንዱ ባክቴሪያ አንድ ስፖር ብቻ ስለሚሆን ነገሩ ማምለጫ እንጂ መዋለጃ አይደለም። በአፈር፣ በእበት፣ በገለባ ብናኝ ውስጥ ሞልቷል። ከጡቷ ላይ ወደ ማለቢያው ይገባል።

እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታም አለበት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስፖርን በእርግጠኝነት ለመጨረስ ደግሞ ላቦራቶሪዎች 121 ዲግሪ የሚደርስ የታፈነ እንፋሎት ይጠቀማሉ። ስለዚህ ማፍላታችን ወተቱን አኮምጥጠው እርጎ የሚያደርጉትን ደጎቹን ይፈጃል። የተኛውን ግን ሙቀቱ ራሱ ይቀሰቅሰዋል። ሲነቃ ቤቱ ባዶ ነው፤ የሚሻማው የለም። ወተቱን የሚያረጋውና መራራ የሚያደርገው እሱ ነው።

መፍትሄ፦ ስታልቡ ጡቷን አጥባችሁ አድርቁ። ካፈላችሁ በኋላ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡና እያማሰላችሁ አብርዱት። ከዚያ ፍሪጅ። ፍሪጅ ከሌለ፣ በጥቅምት ውርጭ ሌሊት ከምድጃ ዳር ይልቅ ደጅ ማሳደር ይሻላል። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኑበት፤ አለዚያ ድመቷ ቀድማችሁ ትቀምሰዋለች። እርጎ ከፈለጋችሁ ደግሞ የፈላውን ለብ ሲል ደህና እርጎ ጣል አድርጉበት።

ችግር፦ ከድግስ ማግስት ሰፈሩ በሙሉ ሆዱን ታመመ

አንድ ተዝካር ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሥጋ አልጫው ማታ በጎላ ተሠርቶ፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ በጆንያ ተሸፍኖ አደረ። ጠዋት ላዩ ላይ ስቡ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ጭልፋው ወደ መሃል ሲገባ ግን ለብ ያለ እንፋሎት ወጣ። ትንሽ ሞቅ አድርገው አቀረቡት። ማታውን ቁርጠትና ተቅማጥ ሆነ። ወሬው ግን ቡዳ ነበር።

ምክንያት፦ ሥጋ ውስጥ የሚገኝ፣ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ እንዲህ ያደርጋል። ስፖሩ ከፍላቱ ይተርፋል። ጎላው ቀስ እያለ ሲበርድ ይነቃል፣ በ45 ዲግሪ አካባቢ በየ10 ደቂቃው ገደማ እጥፍ ይሆናል። ጆንያው አልጋ አነጠፈለት ማለት ነው።

መፍትሄ፦ ወጡን በሰፋፊ ትሪና ሳፋ በስሱ ከፋፍላችሁ ቶሎ አብርዱ። ስትበሉ እስኪንተከተክ አሙቁት፤ የነቃው ያኔ ይሞታል። ያደረ ሩዝ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ባሲለስ ሴሪየስ ሩዙ ላይ አንዴ የሚያስመልስ መርዝ ከለቀቀ፣ መርዙ በማሞቅ አይጠፋም። ይደፋ።

በነገራችን ላይ፣ በ1877 እ.ኤ.አ. ጆን ቲንዳል የሚባል ሳይንቲስት በዚህ በመንቃታቸው ተጠቅሞባቸዋል። አፈላ፣ እስኪነቁ ጠበቀ፣ መልሶ አፈላ፤ ደጋግሞ። ለወጥ አትሞክሩት።

ችግር፦ ደህና የዋለ በግ በድንገት ሞተ፣ በአፍንጫው የማይረጋ ደም ወጣ

አባ ሰንጋ ጠርጥሩ። ቢላዋ አታንሱ! በድኑ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አየር ሲያገኝ ነው ስፖር የሚሆነው። ስትበልቱት ለመስኩ ዘር እየዘራችሁ ነው። እንግሊዞች በ1942 እ.ኤ.አ. ግሪናርድ በምትባል የስኮትላንድ ደሴት በበጎች ላይ አባ ሰንጋን ሞክረው ነበር። ደሴቷ ከበሽታው ነፃ ናት የተባለችው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም አፈሩ ፎርማሊን በሚባል ጀርም ገዳይ ኬሚካል ከታጠበ በኋላ።

የመንዝ በግ ስንት እንደሚያወጣ አውቃለሁ፣ ሥጋው ያሳሳል። ግን አይበላ፣ አይገፈፍ። የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፤ በድኑ ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር። የቀሩትን በየዓመቱ አስከትቡ። ሥጋውን የነካ ሰው እጁ ላይ መሃሉ የጠቆረ፣ የማያም ቁስል ካወጣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል።

ችግር፦ በረት ውስጥ ሚስማር ወጋኝ

ብዙ ሰው ዝገቱን ይፈራል። ጥፋቱ ግን አፈሩና እበቱ ውስጥ የተኛው የቴታነስ (የመንጋጋ ቆልፍ) ስፖር ነው፤ አየር በማይደርስበት ጥልቅ ቁስል ውስጥ ይነቃል። አልኮል ማፍሰስ ስፖርን አይገድልም። በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የተከተባችሁት መቼ እንደሆነ ካላስታወሳችሁም ጤና ጣቢያ ሂዱ።