ባቡሩ ሲዘገይ ከማን ይጠየቃል? በብሪታንያ በባቡር ለሚመላለሱ የቀረበ መመሪያ

በብሪታንያ በየቀኑ በባቡር ወደ ሥራ የሚመላለስ ሰው፣ ባቡሩ ሲሰረዝ ወይም በሁለት ጣቢያዎች መካከል ቆሞ ሲቀር፣ መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሐዲዱን የሚያስተዳድረው፣ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው፣ የባቡሩ ባለቤት የሆነውና ለአገልግሎቱ ገንዘብ የሚመድበው አካል የተለያዩ በመሆናቸው መልሱ በአንድ ቀን አይገኝም። ካሳውን የሚከፍለው አካል ግን ከመጀመሪያው የታወቀ ነው። ብዙ ተሳፋሪ ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ አደባልቆ፣ ጥፋተኛውን ሲፈልግ የካሳ ማመልከቻው ጊዜ ያልፍበታል። ስለዚህ በቅድሚያ ገንዘብዎን ይጠይቁ፤ ተጠያቂውን መፈለጉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ካሳው እንዴት ይሰላል?

«ዲሌይ ሪፔይ» በሚል ስም የሚታወቀው የካሳ አሠራር በአብዛኞቹ የባቡር ድርጅቶች ዘንድ ከ15 ደቂቃ መዘግየት ጀምሮ ይሠራል፤ ከ30 ደቂቃ በታች ለሆነ መዘግየት የማይከፍሉም ስላሉ የሚሳፈሩበትን ድርጅት ደንብ አስቀድሞ ማየት ይገባል። ከ15 እስከ 29 ደቂቃ ለዘገየ ጉዞ የአንድ መንገድ ዋጋ 25 በመቶ፣ ከ30 እስከ 59 ደቂቃ 50 በመቶ፣ ከ60 እስከ 119 ደቂቃ የአንዱ መንገድ ሙሉ ዋጋ ይከፈላል፤ መዘግየቱ 120 ደቂቃ ከደረሰ ደግሞ የደርሶ መልስ ትኬቱ ዋጋ በሙሉ ይመለሳል። ለምሳሌ የ20 ፓውንድ ደርሶ መልስ ትኬት የገዛ ሰው ወደ ሥራው ሲሄድ 40 ደቂቃ ቢዘገይ፣ የመሄጃው ድርሻ 10 ፓውንድ ተደርጎ ስለሚቆጠር 5 ፓውንድ ያገኛል። የሳምንት ትኬት እንደ 10 ጉዞ፣ የወር ትኬት ደግሞ እንደ 40 ጉዞ ተቆጥሮ የአንዱ ጉዞ ዋጋ ይወጣል። ገንዘቡ ትንሽ ነው ብሎ መተው የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ መስመሩ መጥፎ በሆነበት ክረምት የተጠራቀመው ካሳ የአንድ ሳምንት መጓጓዣ ሊሸፍን ይችላል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሁለት ነገሮች በተለይ መታወቅ አለባቸው። አንደኛው፣ መዘግየቱ የሚለካው ባቡሩ በስንት ደቂቃ እንደዘገየ ሳይሆን እርስዎ በትኬትዎ ላይ ወደተጻፈው መድረሻ በስንት ደቂቃ ዘግይተው እንደደረሱ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ባቡር በ6 ደቂቃ ብቻ ዘግይቶ ቀጣዩ ባቡር ካመለጠዎትና መድረሻዎ ላይ በ35 ደቂቃ ዘግይተው ከደረሱ፣ የሚጠይቁት የ35 ደቂቃውን ካሳ ነው፤ የሚጠይቁትም መጀመሪያ ያዘገየዎትን ባቡር ከሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ነው። ሁለተኛው፣ የመዘግየቱ ምክንያት ካሳውን አያስቀርም። በድምፅ ማጉያው «በመጥፎ አየር ምክንያት» ወይም «ሰው ሐዲድ ላይ በመግባቱ» የሚል ማስታወቂያ የሰሙ ብዙዎች፣ ድርጅቱ ጥፋት የለበትም ብለው ማመልከቻውን ይተዉታል። ዲሌይ ሪፔይ ግን ጥፋተኛን አይጠይቅም፤ ዘግይተው ከደረሱ ይከፈልዎታል።

ማመልከቻውን ማዘጋጀት

የጊዜ ገደቡ ከጉዞው ቀን ጀምሮ 28 ቀን ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው ትኬቱን ለሸጠልዎ መተግበሪያ ሳይሆን ባቡሩን ለሚያንቀሳቅሰው ድርጅት፣ በራሱ ድረ ገጽ ላይ በሚገኘው ቅጽ ነው። ባቡሩ በመዘግየቱ ወይም በመሰረዙ ምክንያት ጉዞውን ጨርሶ ከተዉት ግን ነገሩ ይለያል፤ ይህ ካሳ ሳይሆን የትኬት ተመላሽ ስለሆነ ትኬቱን ወደገዙበት ቦታ ሄደው ሙሉ ገንዘቡን ያለ ምንም የአገልግሎት ቅናሽ የመጠየቅ መብት አለዎት።

የወረቀት ትኬት የሚጠቀሙ ከሆነ ወደ መውጫው በር ከመድረስዎ በፊት ፎቶግራፍ ያንሱት፤ በሩ ያለቀ ትኬትን ውጦ ያስቀራል፣ ያለ ትኬት ደግሞ ማስረጃ የለም። በኦይስተር (በለንደን የጉዞ ካርድ) ወይም በባንክ ካርድ በሩን ነክተው የሚያልፉ ሰዎች ካርዱን በስማቸው አስመዝግበው የጉዞ ታሪካቸውን ማውጣት እንዲችሉ ማድረግ አለባቸው። ባቡሩ በትክክል ስንት ሰዓት እንደደረሰ ለማረጋገጥ «ሪልታይም ትሬይንስ» የተባለው ድረ ገጽ በጣም ይረዳል፤ የታቀደውንና የሆነውን ሰዓት ጎን ለጎን ያሳያል። ቅጹ የሚሞላው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ሰዓት ለሚያስብ ሰው ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ 07:42 ማለት ከጠዋቱ 1:42 ሲሆን፣ 18:15 ደግሞ ከምሽቱ 12:15 ነው። በሌላ ባቡር ሰዓት የተሞላ ማመልከቻ ውድቅ ይሆናል፤ እንዲያም ሲል የሐሰት ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ያልተጓዙበትን ባቡር ማስመዝገብ በወንጀል የሚያስከስስ ማጭበርበር መሆኑን፣ በተለይ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ያለበት ሰው መዘንጋት የለበትም።

ክፍያውን በባንክ ሂሳብ መቀበል ይቻላል፤ በቫውቸር ብቻ ለመቀበል አይገደዱም። ማመልከቻውን በእርስዎ ስም አቅርበው ከካሳው ድርሻ የሚወስዱ ድርጅቶችም አሉ፤ ቅጹ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ በመሆኑ ለእነርሱ ከመክፈል ራስዎ ቢሞሉት ይሻላል።

የለንደን የመሬት ውስጥ ባቡርና ዲኤልአር የተባለው የከተማው ቀላል ባቡር የሚገዙት በሌላ ደንብ ነው። በእነዚህ መስመሮች 15 ደቂቃና ከዚያ በላይ ለዘገየ ጉዞ፣ ኤልዛቤት ላይንና ኦቨርግራውንድ በተባሉት ሌሎች የለንደን ባቡሮች ደግሞ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ለዘገየ ጉዞ የአንድ ጉዞ ዋጋ ይመለሳል፤ ነገር ግን መዘግየቱ ከከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ቁጥጥር ውጭ በሆነ ምክንያት ከመጣ፣ ለምሳሌ በሥራ ማቆም አድማ ወይም በጸጥታ ሥጋት፣ አይከፈልም። በጠዋት ከመሬት ውስጥ ባቡር ወደ ብሔራዊው ባቡር የሚቀያየር ሰው መዘግየቱ በየትኛው ላይ እንደደረሰ ለይቶ መያዝ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

አድማ ወይም የሐዲድ ጥገና ባለበት ቀን ድርጅቶቹ የተቀነሰ የጊዜ ሰሌዳ አስቀድመው ያወጣሉ፤ መዘግየቱ የሚለካውም በዚያ ቀን በሥራ ላይ ባለው ሰሌዳ እንጂ እርስዎ በለመዱት ሰዓት አይደለም። ይህ ለተሳፋሪው ፍትሐዊ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ምክንያቱም ዘወትር የሚሳፈሩበት ባቡር ከሰሌዳው ስለተነሣ «አልዘገየም» ይባላል። ሆኖም ደንቡ ይኸው ስለሆነ በዋዜማው ምሽት ሰሌዳውን መመልከትና ምስሉን ማስቀረት ይበጃል።

በሌሊት ፈረቃ ወይም ሆቴል ውስጥ አምሽተው የሚሠሩ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። የመጨረሻው ባቡር ተሰርዞ መንገድ ላይ ከቀሩ፣ የብሔራዊ ባቡር የጉዞ ደንብ የሚረዳዎት ድርጅት ካለ ወደ መድረሻዎ እንዲያደርስዎ፣ ካልተቻለም ማደሪያ እንዲያዘጋጅልዎ ያስገድዳል። ታክሲ ከመያዝዎ በፊት የጣቢያውን ሠራተኛ ይጠይቁ፤ ሠራተኛ ከሌለ በየመድረኩ ባለው የእርዳታ መጥሪያ ይጠቀሙ። ሳይጠይቁ የከፈሉትን የታክሲ ዋጋ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

እምቢ ሲባሉ

ድርጅቱ ማመልከቻው በደረሰው በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ይጠበቃል። ውድቅ ካደረገው፣ በቁጣ የተጻፈ ረጅም ደብዳቤ ሳይሆን የባቡሩን ሰዓት፣ የትኬቱን ፎቶግራፍና የደረሱበትን ሰዓት የያዘ አጭር ይግባኝ ያቅርቡ። አሁንም ካልተስማሙ «የመጨረሻ መልሳችን ይህ ነው» የሚል ደብዳቤ እንዲሰጥዎ ይጠይቁና ጉዳዩን ለባቡር እንባ ጠባቂ ይውሰዱት። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የተመሠረተ ሲሆን አገልግሎቱ ነጻ ነው፤ ውሳኔውም ድርጅቱን ያስገድዳል፣ እርስዎን ግን አያስገድድም። የአሠሪ ማስጠንቀቂያ የደረሰበት ሰው ደግሞ ድርጅቱ ካሳውን የተቀበለበትን መልእክት አትሞ ለአለቃው ቢያሳይ፣ የመዘግየቱ ማስረጃ ከድርጅቱ ከራሱ የመጣ ይሆናል።

ጥፋቱስ የማን ነው?

ከካሳው በኋላ ወደ ትልቁ ጥያቄ እንመለስ። ሐዲዱን፣ ሲግናሉን፣ ድልድዩንና የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ሬይል የተባለው የመንግሥት ተቋም ነው። ሲግናል ሲበላሽ ለደኅንነት ሲባል ወደ ቀይ ስለሚለወጥ ባቡሮች ይቆማሉ፤ በመጸው የሚረግፈው ቅጠልም በመንኮራኩር ተጨፍልቆ ሐዲዱን ስለሚያንሸራትት አሽከርካሪው ቀደም ብሎ ፍሬን ለመያዝ ይገደዳል። (በቅጠል ምክንያት ባቡር ዘገየ ሲባል መሳቅ የተለመደ ቢሆንም ችግሩ እውነተኛ ነው።) የአሽከርካሪ እጥረት፣ የባቡር ብልሽትና የፉርጎ ማነስ ደግሞ ወደ ባቡር ድርጅቱ ያመለክታሉ። ባቡሮቹ ራሳቸው ግን በአብዛኛው የኪራይ ናቸው፤ እንደ ኤንጅል ትሬይንስ፣ ኤቨርሾልትና ፖርተርብሩክ ያሉ የግል ኩባንያዎች ገዝተው ያከራዩአቸዋል። ስንት ፉርጎ እንደሚከራይና ስንት አሽከርካሪ እንደሚቀጠር የሚወስነው በጀት በእንግሊዝ ከትራንስፖርት ሚኒስቴር ይመጣል።

ይህ መከፋፈል ድንገት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የባቡር ሕግ ሐዲዱን ከባቡሩ ለይቶ ለግል ባለሀብቶች አስተላለፈ። ሐዲዱን የያዘው ሬይልትራክ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 2000 በሃትፊልድ በተሰበረ ሐዲድ ምክንያት አራት ሰዎች ከሞቱበት አደጋ በኋላ ሊያገግም አልቻለም፤ በ2002 በኔትወርክ ሬይል ተተካ። ከዚያም እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 2018 አዲስ የጊዜ ሰሌዳ ሲጀመር በሰሜን እንግሊዝና በለንደን ዙሪያ በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባቡሮች ተሰረዙ። ጉዳዩን የመረመረው የባቡር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ቡድን፣ ኔትወርክ ሬይልም ሆነ የባቡር ድርጅቶቹም ሆኑ ሚኒስቴሩ ድርሻ እንደነበራቸው፣ ነገር ግን ጠቅላላውን ኃላፊነት የወሰደ አካል እንዳልነበረ አረጋገጠ። በእኔ አስተያየት ተሳፋሪውን የሚያንገበግበው ከመዘግየቱ ይልቅ ይህ ነው። የሚገርመው ግን በውስጥ የተጠያቂነት ሂሳብ በጥንቃቄ ይያዛል፤ 3 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሆነ እያንዳንዱ መዘግየት ተመርምሮ በኔትወርክ ሬይል ወይም በአንዱ ድርጅት ስም ይመዘገባል፣ በዚሁ መሠረትም እርስ በርሳቸው ገንዘብ ይከፋፈላሉ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የጸደቀው ሕግ የተሳፋሪ ባቡር ድርጅቶች ውላቸው ሲያበቃ አገልግሎቱ ወደ መንግሥት እንዲመለስ ያደርጋል፤ ሳውዝ ዌስተርን ሬይልዌይ በግንቦት 2025 በዚህ መንገድ ተመልሷል። ሐዲዱንና ባቡሩን የሚያዋህደው ግሬት ብሪቲሽ ሬይልዌይስ የተባለው አዲስ ድርጅት የታሰበውም ለዚህ ችግር ነው። ስኮትሬይል ከ2022 ጀምሮ በስኮትላንድ መንግሥት፣ የዌልስ ባቡርም ከ2021 ጀምሮ በዌልስ መንግሥት እጅ ነው። ባለቤቱ ቢለወጥም የዲሌይ ሪፔይ መብት አልተለወጠም።

ስለዚህ አቤቱታውን እንደ ችግሩ ዓይነት ይላኩት። በአንድ ቦታ ላይ የሚደጋገም የሲግናል ብልሽት ለኔትወርክ ሬይል፣ አሽከርካሪ በመጥፋቱ የሚሰረዝ ባቡር ለድርጅቱ ይጻፋል። በብዙ ድርጅቶች የእሑድ ባቡር በፈቃደኛ አሽከርካሪዎች ትርፍ ሰዓት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ እሑድ እሑድ የሚደጋገመው መሰረዝ የአንድ ቀን ስሕተት ሳይሆን የሥራ ስምምነት ጉዳይ ነው፤ ይህና የፉርጎ ማነስ ወደ ሚኒስቴሩ፣ ማለትም በፓርላማ አባልዎ በኩል መሄድ አለባቸው። በጣቢያው በር ላይ የቆመው ሠራተኛ ከእነዚህ በአንዱም ላይ ሥልጣን የለውም፤ ስድቡን የሚቀበለው ግን እርሱ ነው።

ለፓርላማ አባል ለመጻፍ ዜጋ ወይም መራጭ መሆን አያስፈልግም፤ በምርጫ ክልሉ ውስጥ መኖር በቂ በመሆኑ በደብዳቤው ላይ የቤት አድራሻዎን ከነፖስታ ኮዱ ይጻፉ። ባቡሩ የተሰረዘባቸውን ቀናትና ሰዓቶች፣ የተቀበሉትን የካሳ መልስ ቅጂና በመዘግየቱ የተቆረጠብዎትን ደመወዝ ወይም ያመለጠዎትን ፈረቃ ይጥቀሱ፤ በመጨረሻም አንድ የተወሰነ ጥያቄ፣ ለምሳሌ «በዚህ መስመር የጠዋቱ ባቡር ፉርጎ መቼ ይጨመራል?» የሚለውን፣ ለሚኒስትሩ እንዲያቀርቡልዎ ይጠይቁ። የዚያው መስመር ተሳፋሪ የሆኑ ሌሎች ጎረቤቶችም በየራሳቸው ስምና አድራሻ ለየብቻቸው ቢጽፉ፣ ብዙ ፊርማ ካለበት አንድ ወረቀት ይበልጥ የፓርላማ አባሉ ለእያንዳንዱ መልስ የመስጠት ግዴታ እንዲሰማቸው ያደርጋል።