ለጤና ብለን የምንገዛቸው፣ ጤና የሚነሱን

ደብረ ማርቆስ ላይ የስኳር ሕሙማንን ስከታተል እንደ ጠያቂ ፌስታል የሚያናድደኝ ነገር የለም። የታማሚው ራስጌ የካርቶን ጁስ፣ ማልትና ብስኩት ተደርድሮበታል። «እማማ፣ ይኼ ለማን ነው?» ስል «አቅም ይሁነው ብዬ ነው ልጄ፤ ፍሬ እኮ ነው» ይሉኛል። ካርቶኑን አዞርኩላቸው። ከውኃ ቀጥሎ የተጻፈው ስኳር ነው፤ ፍሬው ከሱ በታች። ዝርዝሩ የሚጻፈው ደግሞ በብዛት ቅደም ተከተል ነው። ከጎኑ «በ100 ሚሊ ሊትር 11 ግራም» ይላል። ሰው ግን 330ውን ነው የሚጨልጠው፤ 36 ግራም፣ ማለት 9 የሻይ ማንኪያ ስኳር። ሻዩ ላይ 9 ማንኪያ የሚጨምር ብታዩ ጉድ አትሉም? ስኳሩ ወርዶ ላብ ያጠመቀውና የሚንቀጠቀጥ ታማሚ ግን ጁሱን ቶሎ ይጠጣ፤ ያኔ መድኃኒት ነው።

ማልት ለእርጉዝ «ደም ይሆናል» የሚሉም አሉ። የጠቆረው ከተቆላ ብቅል ወይም ከተጨመረ ቀለም ነው እንጂ ብረት ስላለው አይደለም። ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የብረት እንክብል ትዋጥ።

ዘይት ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ብሎ መጻፍ ቀልድ ነው፤ የትኛውም የአትክልት ዘይት የለውም። በማርቆስ ብርድ ጠዋት ጀሪካን ውስጥ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ ስብ ነው። ኑጋችን እያለ!

ቡናማ ዳቦ ሁሉ ያልተነፋ ዱቄት እንዳይመስላችሁ፤ አንዳንዱ ቀለም ነው።

የሾርባ ኩብ በአብዛኛው ግማሽ ገደማው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ወጡ ላይ ሁለት ኩብ ጥሎ ጨው የሚደግም ሰው ምን ይባላል?

ማርም ቢሆን ለስኳር ታማሚ ያው ስኳር ነው። ጎጃሜ እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ጭራሽ አይቅመስ።

የቤት ምግብ የሚሻለው ዘይቱንም ጨውንም በእጃችን ስለምንመጥን ነው። እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ጓያ ረከሰ ተብሎ ለወራት የዕለት ምግብ ከሆነ እግር ያሰንፋል። የሽምብራ ወይም የአተር ሽሮ ይሁን፤ ጓያ የግድ ከሆነም ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉት፣ ከሌላ እህልም ጋር ቀላቅሉት።

ጠያቂዎች ሆይ፣ ስኳር ያልገባበት በሶ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በትንሽ ዘይት የተሠራ ሽሮ በዳጉሳ እንጀራ አምጡ። ምሳ ሰዓት ላይ ድረሱ፤ እንጀራውም ከአንድ አይብለጥ።