ከአጥሩ በፊት ውኃው፦ በሰሜን ሸዋ የጋራ የአትክልት ቦታ ስለ ማቋቋም

ጓሮ የሌላቸው ጎረቤታሞች አንድ ቦታ በጋራ ይዘው፣ በየስማቸው ድርሻ ተካፍለው አትክልት ለማልማት ሲስማሙ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስቡት አጥሩን ነው። እኛም በደብረ ብርሃን እንዲሁ አድርገን፣ መዋጮውን በእንጨትና በሽቦ ከጨረስን በኋላ፣ ችግኙ በኅዳር ዓይናችን እያየ ደረቀብን። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ ውኃውን እንድታሰሉ አጥብቄ እለምናለሁ።

በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ 1 ሊትር ነው። አትክልት በበጋ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል ብለን ብንይዝ፣ ወርዱ 4፣ ቁመቱ 10 ሜትር የሆነ የአንድ ቤተሰብ ድርሻ በቀን ከ160 እስከ 200 ሊትር፣ ማለትም አንድ በርሜል ገደማ ይጠጣል። 20 አባላት ካሉ በቀን እስከ 20 በርሜል ነው፤ ይህም በጄሪካን ተሸክሞ የሚዘለቅ አይደለም። 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ከ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያወርደው ቢበዛ 1,000 ሊትር በመሆኑ፣ የጣሪያ ውኃ ለችግኝ መደብ እንጂ ለማሳው አይበቃም። በአቅራቢያው የጉድጓድ፣ የምንጭ ወይም የወንዝ ውኃ ከሌለ፣ ቦታው ምንም ያህል ቢያምር ሌላ ፈልጉ፤ ካልሆነም በበጋ የሚለማውን በግማሽ ቀንሱ።

መሬት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የምትጠይቁት የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ እሱም ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ቦታው ለሌላ ሥራ ቢፈለግ በማሳው ላይ ያለው ሰብል እስኪነሣ ይጠበቅ እንደሆነ በጽሑፍ መስፈር አለበት። የቃል ተስፋ ይዞ ጉድጓድ መቆፈር አይገባም።

የደጋው አፈር በብዙ ቦታ ዋልካ ስለሆነ በክረምት ውኃ ያቁራል፤ መደቡን ከፍ፣ ቦዩን ጠለቅ ማድረግ የግድ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር የሚወርደው ውርጭ ድንችን በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል፤ የሐበሻ ጎመንና ካሮት ግን በተሻለ ይችሉታል። ቲማቲሙን ለሸዋ ሮቢት ቆላ መተው ይሻላል። በእኛ አገር እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ስለሚገባ፣ ማዳበሪያ በነፃ ይገኛል ብላችሁ አትቁጠሩ፤ የበግ በጠጥ፣ የአረምና የወጥ ቤት ተረፈ ምርት የሚብላላበት ጉድጓድ ከመጀመሪያው ቀን ይቆፈር።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ለጋሽ ከመፈለጋችሁ በፊት የራሳችሁን መዋጮ አሳዩ። ዕድር የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ሥርዓቱ አዲስ አይሆንብንም፦ የመግቢያ ክፍያ፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ። የባንክ ሒሳቡ ቢያንስ በሁለት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ይንቀሳቀስ። የጉልበት ሥራውንም በቀን ሠራተኛ ዋጋ እያሰላችሁ መዝግቡ፤ ለምሳሌ 20 ሰዎች ሦስት ቅዳሜ ቢቆፍሩ 60 የሰው ቀን ነውና፣ ይህ ቁጥር በማመልከቻው ላይ ከብዙ ልመና ይልቅ ይናገራል። ከዚያም የሚጎድለውን ብቻ፣ በዓይነትና በዋጋ ዘርዝራችሁ ጠይቁ። «ድጋፍ እንዲደረግልን» ብሎ መጻፍ መልስ አያስገኝም፤ «የአንድ ባለ 5,000 ሊትር ታንከር ዋጋ፣ ከሦስት ነጋዴዎች የተሰበሰበ የዋጋ ማቅረቢያ ተያይዟል» ብሎ መጻፍ ግን ሰሚ ያገኛል። ለዘርና ለምክር የግብርና ጽሕፈት ቤቱን፣ ለአፈር ምርመራ በደብረ ብርሃን ያሉትን ዩኒቨርሲቲውንና የግብርና ምርምር ማዕከሉን፣ ለታንከሩ ደግሞ ርቀው የሚኖሩ የአገር ልጆችን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ድርሻው በዕጣ ይውጣ። ከውኃው አጠገብ ያሉትን ሁለት ሦስት መደቦች ግን ባልዲ ርቀው መሸከም ለማይችሉ አረጋውያን ከዕጣው አስቀድማችሁ ለዩላቸው፤ ይህንንም ወረቀቱ ከመጠቅለሉ በፊት በቃለ ጉባኤ አስፍሩት።