ሮድሳይድ አሲስታንስ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? እንዴት እንደሚወሰን

ማታ አምስት ሰዓት አካባቢ ነበር። ከሪችመንድ በሀይዌይ 95 እየተመለስኩ ቨርጂኒያ ውስጥ ውድብሪጅ ጋ ስደርስ የባትሪው ምልክት በራ። ብዙም ሳይቆይ የፊት መብራቱ ደበዘዘ፣ ሬዲዮው ጠፋ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ባትሪውን የሚሞላው አልተርኔተር ሞቷል።

አልደነገጥኩም። ኢንሹራንሴ ላይ በየወሩ ጥቂት ዶላር እየጨመርኩ የምከፍልበት ሮድሳይድ አሲስታንስ፣ ማለትም መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ እርዳታ የሚልክ ሽፋን ነበረኝ። የተበላሸ መኪና የሚጎትተው ቶው ትራክ መጣ። ሾፌሩ መኪናዬን ጭኖ ሲጨርስ «ወዴት ልውሰድልህ?» አለኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን የመካኒኬን አድራሻ ነገርኩት። ስልኩን አየና «ያንተ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ቅርብ እስካለው ጋራዥ ድረስ ብቻ ነው፤ የቀረውን ማይል ከኪስህ ነው» አለኝ። ከውድብሪጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ከ30 ማይል በላይ ነው። ከፈልኩ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ?

ሮድሳይድ ስንገዛ የምናስበው ስለ ተነፈሰ ጎማና ስለ ሞተ ባትሪ ነው። ገንዘብ የሚበላው ግን ማይሉ ነው። እዚህ አሜሪካ ያለን ሰዎች ደግሞ ይሄ ይበልጥ ይመለከተናል። ብዙዎቻችን የምናምነው አንድ ሐበሻ መካኒክ አለን፤ የምንኖረው ደግሞ ከሱ ርቀን ነው። ስለዚህ ስትወስኑ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

መጀመሪያ፣ ሳታውቁት የከፈላችሁበት እንዳለ አጣሩ

መኪናው አዲስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው ጋር የመጣ ሮድሳይድ አለው። ቶዮታ 2 ዓመት ይሰጣል። ሆንዳ 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል፣ ሀዩንዳይ 5 ዓመት። ይሄ ሳያልቅ ሌላ መግዛት ለአንድ ነገር ሁለቴ መክፈል ነው።

ቀጥሎ የኢንሹራንሱን ወረቀት አውጡ። «ቶዊንግ ኤንድ ሌበር» ወይም «ሮድሳይድ» የሚል መስመር ካለ እየከፈላችሁ ነው። ክሬዲት ካርዳችሁንም እዩት። ግን ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ካርድ ሰው ይልክላችኋል እንጂ ሂሳቡን አይከፍልላችሁም።

ከዚያ፣ ማይሉን ለኩ

ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱ። ከቤታችሁ እስከ መካኒካችሁ፣ ከሥራ ቦታችሁ እስከ መካኒካችሁ ስንት ማይል ነው? ቁጥሩን ጻፉት። ውሳኔውን የሚሰጣችሁ ይሄ ቁጥር ነው።

በአባልነት ክፍያ ሮድሳይድ የሚሰጠውን ትሪፕል ኤን (AAA) እንውሰድ። መነሻው፣ ክላሲክ የሚሉት፣ በብዙ ክፍለ ግዛት የሚጎትተው 5 ማይል ያህል ነው። ፕላስ የሚባለው እስከ 100 ማይል ይሄዳል። መካኒካችሁ 4 ማይል ላይ ከሆነ ርካሹ ይበቃችኋል። 25 ማይል ላይ ከሆነ ግን ርካሹን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ወይ ፕላሱን ግዙ ወይ ጭራሽ ይቅርባችሁ። መሃል ላይ መቆም ነው እኔን ያስከፈለኝ።

አሁን ሒሳቡን ሥሩ። እንበል ቶው ትራኩ ለመጫን ብቻ 100 ዶላር፣ ከዚያ በየማይሉ 5 ዶላር ጠየቀ። 25 ማይል 225 ዶላር መጣ ማለት ነው። የአካባቢያችሁን ዋጋ አንድ ሁለት ቦታ ደውላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ይሄን ብር ለሮድሳይዱ ከምትከፍሉት የዓመት ክፍያ ጋር አስተያዩት። ቶው የሚያስጠራችሁ በሁለት ዓመት አንዴ ከሆነ የሁለት ዓመቱን ክፍያ ደምራችሁ አስተያዩት፤ የሚያንሰው መልሱ ነው።

መኪናውን ራሱን ጠይቁት

የኋላውን ዕቃ መጫኛ ክፈቱና ምንጣፉን አንሱ። ስኮርታ አለ? ብዙ አዳዲስ መኪኖች፣ በተለይ ሀይብሪዶች፣ በስኮርታ ፈንታ ትንሽ መንፊያና ማጣበቂያ ነው ያላቸው። ጎማው ጎኑ ላይ ከተቀደደ ያ ምንም አይሠራም፤ ቶው ነው። ስኮርታው ካለም ነፋሱን እዩ፣ ክሪኩና የብሎን መፍቻው መኖራቸውን አረጋግጡ።

ባትሪው ላይ የተሠራበትን ጊዜ የሚያሳይ ተለጣፊ ፈልጉ። ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚያገለግለው። 5 ዓመት ካለፈው ለሮድሳይድ ከመክፈላችሁ በፊት ባትሪውን ቀይሩት።

ደውላችሁ የምትጠይቁት

ሽፋኑ የሚከተለው ሰውን ነው መኪናውን? ትሪፕል ኤ የሚከተለው አባሉን ነው፤ በጓደኛችሁ መኪና ተሳፍራችሁ ብትበላሹም ይመጣል። የኢንሹራንሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው ጋር የታሰረ ነው። በዓመት ስንቴ መጥራት ይቻላል? ብዙ ቦታ 4 ጊዜ ነው። አንዳንድ ኢንሹራንስ ደግሞ ሮድሳይድ በጠራችሁ ቁጥር እንደ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ይመዘግበዋል። ይሄን ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእናንተ ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው። «አፑ በርቶ እያለ ብበላሽ ትመጣላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለንግድ የሚሠራ መኪና የማይሸፍኑ አሉ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በስልክ «አዎ፣ አዎ» ያላችሁ ሰው ሌሊት መንገድ ላይ አብሯችሁ አይቆምም።

አውቶብስና ባቡር እየተጠቀማችሁ መኪናውን ቅዳሜና እሁድ ብቻ የምታወጡ ከሆነና መካኒኩም ሰፈራችሁ ካለ፣ አትክፈሉ። ያንን ብር ለብቻው አስቀምጡት። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ትላልቆቹ ሀይዌዮች ላይ የሚዞሩ የመንግሥት የእርዳታ መኪኖች አሉ፤ ጎማ በመቀየርና ባትሪ በማስነሳት በነጻ ይረዳሉ። ቤታችሁ ድረስ ግን አይጎትቱም።

እንገዛለን ካላችሁ ደግሞ ረጅም መንገድ ከመውጣታችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ግዙ። ብዙ ቦታ የ100 ማይሉ ሽፋን በተከፈለበት ቀን አይጀምርም።